ቴሌስኮፑን ወደ አደባባይ ያወጡት

የሥነ ፈለክ ታሪክ ሲተረክ ቀድመው የሚነሡት ታላላቅ ስሞችና ግዙፍ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጋሊሊዮ፣ ኒውተን፣ ሃብል፣ በተራራ ጫፍ የተተከሉ ቴሌስኮፖች፣ ወደ ጠፈር የመጠቁ መንኮራኩሮች። ከዚህ ጎን ለጎን የተጓዘ፣ ግን እየተቆራረሰ ብቻ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። ይህም መተዳደሪያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ መምህራንና ሐኪሞች፣ ተሰባስበው ማኅበር የመሠረቱበት፣ ቴሌስኮፓቸውንም ይዘው ወጥተው መንገደኛውን ሁሉ «ና እይ» ያሉበት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ ለተከተለው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሕዝብን ከሰማይ ጋር ያቀራረበው የመሣሪያዎቹ ጉልበት ማደግ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በየዘመኑ በሰውና በቴሌስኮፑ መካከል የቆመ አጥር መፍረሱ ነው። አጥሩ አንድ ጊዜ ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ጾታ፣ አንድ ጊዜ የእጅ ሙያ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ርቀት ነበር። ዛሬ የከተማ መብራት ሆኗል። እነዚህን አጥሮች ከመሣሪያ ሠሪዎቹና ከመንግሥታት ይልቅ በብዛት ያፈረሱት አማተሮቹ፣ ማለትም እነዚሁ መተዳደሪያቸው ሌላ የሆነ ሰማይ ተመልካቾች ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1609–1880፦ ከቬኒስ ማማ እስከ ለንደን ጎዳና

ሰማይን በዓይን ማየት ከጥንትም ለማንም የተከለከለ አልነበረም፤ እረኛውም ንጉሡም የሚያዩት አንድ ሰማይ ነው። ይህ እኩልነት የተናጋው ቴሌስኮፕ ሲመጣ ነበር። በኦገስት 1609 ጋሊሊዮ የቬኒስን ሹማምንት ወደ ቅዱስ ማርቆስ ደወል ማማ አውጥቶ በሠራው መሣሪያ ሲያሳያቸው፣ ያስደነቃቸው ኮከብ አልነበረም፤ በዓይን ለመታየት ገና ሰዓታት የሚቀሩት መርከብ በመሣሪያው ቀርቦ መታየቱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሊሊዮ መሣሪያውን ወደ ላይ አቅንቶ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው የሚያየውና የሌለው ሰው የሚያየው ሰማይ ተለያዩ። በኤፕሪል 1610 ደግሞ ለኋለኛው ታሪክ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር ተፈጠረ። ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን ይዞ ወደ ቦሎኛ ሄደና በሒሳብ ሊቁ በማጂኒ ቤት ለተሰበሰቡ ምሁራን ጨረቃዎቹን ሊያሳይ ሞከረ፤ እነሱ ግን አይተውም አላመኑም። የዚያ ዘመን ቴሌስኮፕ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል እጅግ ጠባብ፣ ምስሉም የደበዘዘ ነበር፤ ዓይኑ ያልለመደ ሰው ወዴት እንደሚያይና ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ቴሌስኮፕ ብቻውን አያሳይም ማለት ነው። አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳ፣ የሚያለማምድና ጥያቄ የሚመልስ ሰው ያስፈልገዋል። የአማተር ማኅበራት ሥራ በኋላ የተገነባው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው።

በተከታዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት ቴሌስኮፕ በአብዛኛው የነገሥታት፣ የአካዳሚዎችና የባለጸጎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ለውጡ በዝግታ መጣ። በፓሪስ የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍራንሷ አራጎ ከ1813 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሕዝብ የሥነ ፈለክ ትምህርት ሰጠ። በለንደን ደግሞ ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜሂው ስለ ከተማዋ ድሆች ባዘጋጀው ሰፊ ሥራ ውስጥ፣ በሙያው ልብስ ሰፊ የሆነ፣ ማታ ማታ ግን ቴሌስኮፑን መንገድ ላይ ተክሎ በፔኒ ሰማይን የሚያሳይ ሰው ታሪክ ተመዝግቧል። ይህ ልብስ ሰፊ የብዙ ኋለኞች ቀዳሚ ነው። ሰው ወደ ሰማይ መመልከቻው እስኪመጣ ሳይጠብቅ መመልከቻውን ወደ ሰው ወስዷል። ነገር ግን ሥራው በአንድ ሰው ትከሻና በአየሩ መጥራት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ደመና በሆነ ሌሊት ገቢ የለም፤ ሰውየው ሲያርፍም የሚተካው አልነበረም።

1887–1916፦ በር የከፈቱ ማኅበራት

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሦስት ነገሮች ተገጣጠሙ። የኅትመት ዋጋ ወረደ፣ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ በዛ፣ ከሥራ ውጭ የራሱ ጊዜ ያለው የከተማ ነዋሪ ተፈጠረ። ፈረንሳዊው ካሚል ፍላማሪዮን ለተራ አንባቢ የጻፈው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ከመቶ ሺህ ቅጂ በላይ ሲሸጥ የሕዝቡ ጥማት ታወቀ። ፍላማሪዮን በንባብ ብቻ አላቆመም፤ በ1887 የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ማኅበርን መሠረተ። በ1888 በርሊን ውስጥ ኡራኒያ የተባለው የሕዝብ የሳይንስ ተቋም ከነቴሌስኮፑ ተቋቋመ። በካሊፎርኒያ በጃንዋሪ 1 ቀን 1889 የታየው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አማተሮችንና የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ባለሙያዎችን አገናኝቶ፣ በሚቀጥለው ወር የፓሲፊክ የሥነ ፈለክ ማኅበር እንዲወለድ ምክንያት ሆነ። በዓመቱ የብሪታንያ የሥነ ፈለክ ማኅበር ተከተለ። ሁሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መወለዳቸው ድንገተኛ አልነበረም፤ ያነበበው ሕዝብ ማየት ፈልጎ ነበር።

የብሪታንያው ማኅበር ጉዳይ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። በለንደን ከ1820 ጀምሮ የነበረው ትልቁ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሴቶችን በሙሉ አባልነት የተቀበለው በ1916 ነው። አዲሱ የአማተሮች ማኅበር ግን በ1890 ሲመሠረት ጀምሮ ሴቶችን ያለ ልዩነት ተቀበለ። ይህ ለሳይንሱ ምን አመጣ? አኒ ማውንደር በግሪኒች ኦብዘርቫቶሪ የስሌት ሠራተኛ ነበረች፤ በ1895 ስታገባ ግን ያገባች ሴት በመንግሥት ሥራ አትቆይም በሚለው የዘመኑ ደንብ ምክንያት ለቀቀች። ሙያዊው በር ሲዘጋባት የአማተሮቹ በር ክፍት ነበርና በ1898 ማኅበሩ ለፀሐይ ግርዶሽ ወደ ህንድ ባደረገው ጉዞ ተሳተፈች። እዚያም በትንሽ ካሜራ፣ ኮሮና ከተባለው ከፀሐይ ውጫዊ ከባቢ አየር እጅግ ርቆ የተዘረጋ ጨረር አነሣች፤ እስከዚያ ዘመን ከተነሡት ሁሉ የረዘመ ነበር። አማተርነት ከሙያ ያነሰ ደረጃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ማስረጃ ጋር አብሮ አይሄድም። አንዳንዴ አማተርነት ሙያው የገፋቸው ሰዎች የቆሙበት ስፍራ ነበር።

1920–1945፦ መስታወት የሞረዱ የፋብሪካ እጆች

የማኅበራቱ በር ቢከፈትም የቴሌስኮፕ ዋጋ አልቀነሰም። ጥሩ ሌንስ ያለው መሣሪያ ለተራ ሠራተኛ የማይታሰብ ነበር። ይህን አጥር ያፈረሰችው በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የምትገኝ ስፕሪንግፊልድ የተባለች ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት። የአርክቲክ አሳሽ፣ ሠዓሊና የአርክቴክቸር ሰው የነበረው ራስል ፖርተር በ1920 አሥራ አምስት ወንዶችንና አንዲት ሴትን ሰብስቦ ቴሌስኮፕ መሥራት አስተማረ፤ አብዛኞቹ የማሽን መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ።

ሥራው ይህን ይመስላል። ሁለት ወፍራም ክብ መስታወቶች ይወሰዳሉ። አንዱ በርሜል ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይታሰርና ካርቦረንደም የተባለ እርጥብ መሞረጃ ብናኝ ይነሰነስበታል። ሌላው በላዩ ተደርጎ በሁለት እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሠሪው በርሜሉን ቀስ እያለ ይዞራል፣ የያዘውንም መስታወት በየጊዜው ያዞራል። ከብዙ ሰዓት ፍትጊያ በኋላ የላዩ መስታወት ጎድጓዳ፣ የታቹ ጉብታ ይሆናል። ብናኙ ደረጃ በደረጃ በደቀቀ ብናኝ ይተካል፤ በመጨረሻ የታቹ በዝፍት ተለብጦ የላዩ በቀይ የብረት ኦክሳይድ ይወለወላል። ልኩ የሚፈተነው ፈረንሳዊው ፉኮ በፈጠረው ዘዴ፣ በትንሽ መብራትና በስለት ጠርዝ ነው። በዚህ ተራ በሚመስል ዘዴ ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ክፍል ጋር የሚቀራረብ ስሕተት ይለያል። ከዚያ መስታወቱ በብር ተለብጦ ቱቦ ውስጥ ይገባል። የፋብሪካው ሠራተኛ ቀን ብረት ሲሞርድ የዋለበትን ትዕግሥት ማታ ለኮከብ አዋለው፤ ገንዘብ የሚጠይቀው ነገር በልፋት ተተካ።

ክለቡ በ1923 በይፋ ተቋቁሞ ከከተማዋ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ስቴላፌን የተባለውን ቤቱን ሠራ። ነገሩን ከአንድ ከተማ ወሬነት ያወጣው ግን ኅትመት ነው። የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አዘጋጅ አልበርት ኢንጋልስ በ1925 ክለቡን ጎብኝቶ ሲጽፍ ከየአቅጣጫው ጥያቄ ጎረፈ። በመጽሔቱ ላይ ቋሚ አምድ ተከፈተ፣ የአሠራር መጽሐፍ ታተመ፣ ከ1926 ጀምሮም ቴሌስኮፕ ሠሪዎች በኮረብታው ላይ የሚገናኙበት ጉባኤ ተጀመረ። ጉባኤው ዛሬም ይካሄዳል። ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ቀጥሎ የሆነውን ማየት ይበቃል። ፖርተር ወደ ካሊፎርኒያ ተጠርቶ ለብዙ ዓመታት የዓለም ትልቁ ለነበረው ለፓሎማር 200 ኢንች ቴሌስኮፕ ንድፍ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ኢንጋልስ ያሰባሰባቸው አማተሮች ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚያስፈልጉ አስቸጋሪ ፕሪዝሞችን በየቤታቸው ሠርተው አስረክበዋል።

1956–1975፦ ሳተላይት የጠበቁ ዓይኖች

በ1950ዎቹ አጋማሽ ኃያላኑ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ለማምጠቅ ሲዘጋጁ አንድ ችግር ተነሣ፤ የመጠቀው ነገር የት እንዳለ ማን ያያል? የስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ መሪ ፍሬድ ዊፕል ብዙዎች ያልጠበቁትን መልስ ሰጠ። ሕዝቡ ያያል አለ። በ1956 ሙንዋች የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረና ክለቦች፣ ተማሪዎችና ጎረቤታሞች ቡድን አቋቋሙ። ተመልካቾቹ ትናንሽ ቴሌስኮፖች ፊት በመስመር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የሰማይን አንዲት ቁራጭ ብቻ ይጠብቃል፤ የጎረቤቶቹ ቁራጮች ስለሚደራረቡ በመስመሩ ላይ የሚያልፍ ነገር አያመልጥም። አንዱ ሲያይ ይጮኻል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ባለሙያዎች አማተሮች ለዚህ ይበቃሉ ወይ ብለው ተጠራጥረው ነበር። ሶቪየት ኅብረት በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ ግን ቡድኖቹ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ ሳተላይት ለመከታተል የተነደፉት ግዙፍ የቤከር–ነን ካሜራዎች ገና በየጣቢያቸው ተተክለው አላለቁም ነበር። የመጀመሪያዎቹን የምሕዋር መረጃዎች ያቀበሉት የሕዝቡ ዓይኖች ናቸው። ከእነዚሁ ካሜራዎች አንዱ በ1960ዎቹ ደብረ ዘይት መተከሉን የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰማይም ሳተላይት በመከታተሉ የዓለም ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ሙንዋች በ1975 ተዘጋ። የተወው ትምህርት ግን በደንብ የተደራጀ ብዙ ሰው ውድ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ መደገፍ፣ አንዳንዴም መቅደም እንደሚችል ነው።

1968–1988፦ የመንገድ ጥግ ቴሌስኮፖች

እስከዚህ ድረስ ቴሌስኮፕ የሠራውም ሳተላይት የጠበቀውም ፍላጎቱ ያለው ሰው ነበር። ወደ ክለቡ የማይመጣው፣ ኮረብታውን የማይወጣው፣ መጽሔቱን የማያነበው ብዙኃንስ? ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰው ጆን ዶብሰን ነው። በ1915 ቤይጂንግ ተወልዶ ካሊፎርኒያ ያደገው ዶብሰን፣ በኬሚስትሪ የሠለጠነ ቢሆንም ከ1944 ጀምሮ ከሂንዱ እምነት በመነጨው በቬዳንታ ገዳም መነኩሴ ሆኖ ኖረ። በገዳሙ ሳለ ከተጣለ የመርከብ መስኮት መስታወት ቴሌስኮፕ እየሠራ ለሰፈሩ ሰዎች ያሳይ ነበር፤ ይህም ከገዳሙ ደንብ ጋር እያጋጨው መጥቶ በ1967 ከገዳሙ ወጣ። በዓመቱ ከጥቂት ወጣቶች ጋር የሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ አስትሮኖመሮችን መሠረተ።

የዶብሰን ቴሌስኮፕ ብልሃቱ በቀላልነቱ ነው። ቱቦው የኮንክሪት ዓምድ ለመሙላት የሚያገለግል ወፍራም የካርቶን ቱቦ፣ ማስቀመጫው ከኮምፔንሳቶ የተገጠመ ሣጥን፣ መዞሪያው ደግሞ የቴፍሎን ቁራጮች ናቸው፤ ትልቅ ቴሌስኮፕ በጣት ሲገፋ ይዞራል፣ ሲተው ይቆማል። ሞተርም፣ ውድ የብረት ማቆሚያም አያስፈልገውም። ዶብሰን ንድፉን የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም፤ የፈለገ እንዲሠራው ተወው። ከዚያ ወዲህ የአማተር ቴሌስኮፕ መጠን በአንድ ጊዜ አደገ፣ ዋጋው ወረደ። ትልቁ ለውጥ ግን ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያው የቆመበት ስፍራ ነው። እራት በልቶ የሚመለስ፣ ውሻውን የሚያናፍስ፣ ከሥራ የወጣ ሰው በመንገዱ ጥግ የሳተርንን ቀለበት በነጻ ያያል፤ ያኔ የለንደኑ ልብስ ሰፊ የሚያስከፍለው ፔኒ እንኳ ቀረ። በ1973 የሰሜን ካሊፎርኒያ የሥነ ፈለክ ማኅበር የሥነ ፈለክ ቀንን ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሰውን ከከተማ አርቆ ከመውሰድ ይልቅ ቴሌስኮፖችን ሰው ወደሚበዛበት ማምጣት።

ይህ ስልት የራሱ ድክመት አለው፤ ተቺዎችም አላለፉትም። ከከተማ መሐል ጨረቃና ደማቅ ፕላኔቶች በደንብ ይታያሉ፤ የደበዘዙ ነገሮች ግን በመብራቱ ይዋጣሉ። በ1986 የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሲመለስ በከተሞች የሚኖር ብዙ ሰው ሊያየው አልቻለም። በ1988 ባለሙያው ዴቪድ ክሮፎርድና ሐኪምና አማተር የነበረው ቲም ሀንተር በአሪዞና ዓለም አቀፉን የጨለማ ሰማይ ማኅበር የመሠረቱት በዚሁ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማይን ማሳየትና ሰማይን መጠበቅ አንድ ሥራ ሆኑ።

1995–2009፦ ፎቶግራፍ ካለ ምን ያስፈልጋል?

የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ምስሎች በየቤቱ መታየት ሲጀምሩ ጠንካራው ተቃውሞ መጣ። በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ከሃብል ሥዕል ጋር ሲነጻጸር ምኑ ነው? ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በምስል ጥራት ረገድ ትክክል ነው። መልሱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ አማተሮች አሁንም ያገኛሉ። ለጁላይ 23 ቀን 1995 አጥቢያ ሌሊት በአሪዞና ከጓደኞቹ ጋር በጋራ ይመለከት የነበረው ቶማስ ቦፕ የራሱ ቴሌስኮፕ እንኳ አልነበረውም። በጓደኛው መሣሪያ ተራው ደርሶት ሲመለከት ከኮከብ ክምችት አጠገብ መኖር የሌለበትን ብዥታ አየ። በዚያው ሌሊት ባለሙያው አለን ሄል በኒው ሜክሲኮ አይቶት ነበርና ሄል–ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ በሁለቱ ስም ተጠራ፤ በ1997 በዓይን ከታዩት ደማቅ ጅራታም ኮከቦች አንዱ ሆነ። ተራ በተራ ማየት በአማተሮች ዘንድ ባህል ባይሆን ቦፕ እዚያ ባልቆመ ነበር። ሁለተኛውና ከባዱ መልስ የዕውቀትን ጠባይ የሚመለከት ነው። ፎቶግራፍ የሌላ ሰው ምስክርነት ነው፤ የምናምነው ያነሣውን ስለምናምን ነው። በዓይን ማየት ግን ሰውን የራሱ ምስክር ያደርገዋል። የጁፒተርን ጨረቃዎች ዛሬ አይቶ ነገ ቦታ ለውጠው ያገኘ ልጅ፣ ነገሩን ያወቀው መጽሐፍ ስላለው አይደለም፤ ራሱ አረጋግጦታል። የቦሎኛ ምሁራንን ያጠራጠረውን ነገር አንድ ተማሪ በራሱ ዓይን ይፈታዋል። ስለ ሐሰተኛ መረጃ በሚማረር ዘመን ይህ ልምድ ተራ አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት 2009ን የጋሊሊዮ ምልከታዎች 400ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ዓመት አድርጎ ሲያውጅ፣ 148 አገሮች የተሳተፉበትን ሥራ በየመንደሩ የተሸከሙት በአብዛኛው እነዚሁ ክለቦች ነበሩ።

2004–ዛሬ፦ ኢትዮጵያና የመጨረሻው አጥር

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ ባዶ እጇን አልገባችም። የባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ የሚናገረው ክፍል ሳይጎድል በግእዝ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ የከዋክብት ዕውቀት በሊቃውንቱ ዘንድ ቦታ እንደነበረው ያሳያሉ። ለሕዝብ በቴሌስኮፕ የማሳየቱ ሥራ ግን የቅርብ ነው። በ2004 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር ሲመሠረት ብዙዎች ለድሀ አገር ቅንጦት ነው አሉ። ማኅበሩ ግን ወጣቶችን አሰባሰበ፤ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም እውን ሆነ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች የስያሜ ዕድል ሲሰጥ በኢትዮጵያ ምርጫ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ዙሪያው የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። በጁን 21 ቀን 2020 ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ በመከላከያ መነጽር የተመለከተው ሰው ሰማይ የሩቅ አገር ሳይንስ አለመሆኑን አየ።

ቅንጦት ነው የሚለው ተቃውሞ በታሪኩ ራሱ ይመለሳል። የስፕሪንግፊልድ ሠራተኞች ቴሌስኮፕ የሠሩት ስለተረፋቸው ሳይሆን መግዛት ስላልቻሉ ነው፤ የዶብሰን ቴሌስኮፕ ጥሬ ዕቃ ሌላው የጣለው መስታወት ነበር። በዛሬዋ ኢትዮጵያ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ቴሌስኮፕ ቢኖረው፣ ጨረቃ፣ ጁፒተርና ሳተርን ለሺዎች ተማሪዎች በተራ ይታያሉ፤ ለዓመታትም ያገለግላል። እንደዚህ ርካሽ የሆነ ቤተ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል።

እውነተኛው ሥጋት ድህነት ሳይሆን ያለ ጥንቃቄ የሚለኮስ መብራት ነው። በ2016 የወጣ የዓለም ካርታ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር እንደሚኖር፣ ከሕዝቡ ሲሶ በላይም ከሚኖርበት ስፍራ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል። በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ2011 እስከ 2022 የሌሊት ሰማይ በአማካይ በዓመት ወደ 10 በመቶ እየደመቀ መሄዱን አስልቷል። ይህ ስሌት የተሠራው ከ51 ሺህ በላይ በሆኑ፣ ተራ ሰዎች ባዩት ልክ በመዘገቧቸው ምልከታዎች ነው፤ የሳተላይት መለኪያዎች ከአዲሶቹ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች የሚወጣውን ሰማያዊ ብርሃን በደንብ ስለማይለዩ ጭማሪውን አሳንሰው ያሳዩ ነበር። በሙንዋች ዘመን የሆነው እንደገና ሆነ፤ መሣሪያው ያሳነሰውን ሕዝቡ አየ።

ከዚህ የምንወስደው ግልጽ ነው። ያለፉት አጥሮች ገንዘብ፣ ጾታ፣ የእጅ ሙያና ርቀት ሲፈርሱ ያፈረሳቸው ተሰባስቦ መሥራትና ያገኙትን ለሌላው ማካፈል ነበር። የመብራቱ አጥር ከእነዚህ ሁሉ ለመፍረስ የሚቀለው ነው፤ አምፖሉን ወደ ታች የሚያዞር ክዳን፣ ከልክ ያላለፈ ድምቀትና በሰዓቱ የሚጠፋ መብራት ይበቁታል፤ የኤሌክትሪክ ወጪም ይቀንሳሉ። ከተሞቿ ገና በመስፋፋት ላይ ያሉ፣ ገጠሯም ብዙ አገር ያጣውን ጨለማ የያዘ ኢትዮጵያ ሌላው ካበላሸ በኋላ የሚያርመውን ከመነሻው በትክክል መሥራት ትችላለች። ለዚህ ግን ምን እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሕዝብ ያስፈልጋል፤ ያላየውን ሰማይ የሚጠብቅ የለምና። ቴሌስኮፕን ወደ አደባባይ የማውጣት ሥራ ዛሬም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።